የአልታዬ ሁለት ድምፆች

"ይቺ ደግሞ ማናት?" አሉ እትዬ ብርሀንነሽ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከሻሻቸው ላይ ወደ አንገታቸው እያወረዱ።

ይሄነው እጁ አዲሱ ሳውንድ ካርድ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ይህን አልጠበቀም። እንባ ነበር የጠበቀው፤ ቢያንስ "እሰይ፣ አልታዬ ራሷ!" የሚል ቃል። ሴትዮዋን በከላላ መንገድ ካለው ቀበሌያቸው ድረስ በባጃጅ ያስመጣቸውም ለዚሁ ነው። በሩን ተደግፋ የቆመችው ታላቅ እህቱ የሻለም ፊቷ ተለዋወጠ።

"እናታችን ናታ!" አለች። "እርስዎን ይጥፋዎት? ጎረቤትዎ አልነበረችም እንዴ?"

"ጎረቤቴ ብቻ? እሱን ስትወልድም፣ ስትሞትም ከራስጌዋ ነበርኩ።" እትዬ ብርሀንነሽ ጣታቸውን ወደ ይሄነው ቀሰሩ። "ቃሉ የሷ ነው። አነጋገሩም የሷ ነው። ድምጡ ግን የሷ አይደለም፤ ይቺ ገና ያልደረሰች ልጅ ናት። ደሞ ምን አስቸኮላት? አልታዬ እንዲህ ተንደርድራ ተናግራ አታውቅም።"

ይሄነው ግራ ገባው። ግራ መጋባት እንኳ ለሱ እንግዳ አልነበረም፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አብሮት ሲበላ፣ አብሮት ሲያድር ነው የከረመው። ዛሬ ጠዋት ግን በቃ ተገላገልኩ ብሎ ነበር።

መካነ ሰላም ውስጥ ስቱዲዮ አለኝ ይበል እንጂ፣ ስቱዲዮ የሚላት ከቤቱ ጓሮ ያለችውን፣ ግድግዳዋ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተለበጠች አንዲት ክፍል ነው። እዚያ የሰንበት ተማሪዎችን መዝሙር ይቀርጻል፣ ለሱቆች ማስታወቂያ ይሠራል። ሥራውን ሁሉ ችላ የኖረችው አንዲት አሮጌ ሳውንድ ካርድ ናት፤ በገመድ የሚመጣውን ድምፅ ወደ ቁጥር ለውጣ ለላፕቶፑ የምታቀብል፣ ግማሽ ጡብ የምታህል ሳጥን።

የሻለም ከኩዌት ተጠቃልላ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ካሴት ነበር። እናታቸው አልታዬ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የላከችላት ደብዳቤ ነው። አልታዬ መጻፍ አትችልም ነበርና፣ እንደ ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ እናቶች፣ የልቧን ካሴት ላይ ተናግራ በተጓዥ እጅ ሰደደችው። በዓመቱ ሞተች። የሻለም የምትሠራበት ቤት እመቤት ገበያ ስትወጣ ጠብቃ፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች፣ ማጫወቻዋ እስኪበላሽ ድረስ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች። አሁን ክሩ ክፉኛ አርጅቷል። በዞረ ቁጥር ቡናማ ዱቄት ያራግፋል። ሳይበጠስ ላፕቶፑ ላይ ካልተቀመጠ የአልታዬ ድምፅ እስከ መጨረሻው መጥፋቱ ነው።

ይሄነው ድሮ ሙዚቃ ቤት ከነበራቸው ከጋሽ ይርዳው ቴፕ ተዋሰና ከአሮጌዋ ሳውንድ ካርድ ጋር አገናኘው። ገመዱን ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ቢሰካው ድምፁ ተሰነጣጠቀ። ሌላኛው ላይ ቢሰካው በአንድ ጆሮ ብቻ ተሰማ። ገመድ ቢቀይር እዝዝ የሚል ነገር መጣ። ይሄን ሲያጠብቅ ያንን ሲያላላ ውሎ፣ በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች አጥርቶ ቀዳ። የሻለም ሰማችና፣ "ይቺ እናቴ አይደለችም፤ የወንድ ድምፅ አደረግሃት" ብላ አለቀሰች። አልቅሳም አልቀረች፤ ካመጣችው ገንዘብ ላይ ቆንጥራ ከአዲስ አበባ ይህን አዲሱን አስመጣችለት። በአዲሱ ሲቀዳ ድምፁ ቀጠነ፣ ፈጠን አለ። "እሷ ናት! እሷ ናት!" ብላ የሻለም ሳጥኑን ሳመችው።

የአሮጌዋን ጥፋትም ጠዋት ደረሰበት። የካሴቱ መክፈቻ ሰላምታ በአዲሱ አርባ ሰከንድ ሲፈጅ በአሮጌዋ አርባ ሦስት ተኩል ይፈጃል። ገመዱን ሲነካካ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቁጥር አዛብቷል። አሮጌዋ ድምፁን በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ እየለካች ትልካለች፤ ፕሮግራሙ ግን አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ነው ብሎ ያነበዋል። በዚህ የተነሳ ንግግሩ ይጎተታል፣ ድምፁ ይወፍራል። ስለዚህ ትክክሉ አዲሱ ነው። ነው ወይ? እትዬ ብርሀንነሽ አሁን "ማናት" ብለው ቁጭ አሉ።

"ሌላ የለህም?" አሉት።

"አለኝ፤ ግን የተበላሸ ነው፣ እትዬ።"

"እስቲ የተበላሸውን አምጣው።"

ይሄነው እያመነታ በአሮጌዋ የቀዳውን ከፈተ። ማዳመጫውን ነቅሎ ድምፁን በስፒከሩ ለቀቀው። "ለምወድሽ፣ ለምናፍቅሽ፣ ለልጄ ለየሻለም፤ እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ አምላክ ይመስገን..." አለ ወፍራም፣ የረጋ የሴት ድምፅ።

እትዬ ብርሀንነሽ ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሱ። "አምላክ ይመስገን" ብለው ለስፒከሩ መለሱለት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙና፣ "ወይ አልታዬ! ወይ እህቴ!" አሉ። ዓይናቸው ሞላ።

"አይደለችም!" የሻለም ወደ ውስጥ ገባች። "አይደለችም እኮ! እኔ ልጇ አይደለሁም? ሰባት ዓመት ያዳመጥኳት እኔ አይደለሁም?"

"ልጄ፣ አንቺ ካሴት ነው ያዳመጥሽ። እኔ ሰውዬዋን ነው።"

"ኸላስ፣ በቃ!" አለች የሻለም ፊቷ ቀልቶ። ወደ ወንድሟ ዞረች። "አንተ ንገራቸው። አንተ እኮ ታስታውሳታለህ። እሹሩሩ ስትልህ ይሰማኛል ትል የለ? የትኛዋ ናት?"

ይሄነው ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። እናቱ ስትሞት አምስት ዓመቱ ነበር። ሰው ሁሉ "ታስታውሳታለህ?" ብሎ ሲጠይቀው "እንዴታ!" ማለት የጀመረው ያኔ ነው። አላስታውስም ቢል እናቱን የከዳት ይመስለው ነበር። እሹሩሩውን ራሱ የፈጠረው ይሁን፣ የጎረቤት ሴት ለልጇ ስትል የሰማው ይሁን፣ አያውቅም። የሰው ድምፅ እያጠራ እንጀራውን የሚበላው ሰውዬ የገዛ እናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ መለየት አይችልም። ከዚህ በላይ ሀፍረት ምን አለ? "ቀጭኗ ናት" ቢል እህቱ ታርፋለች። "ወፍራሟ ናት" ቢል አሮጊቷ ደስ ይላቸዋል። ሁለቱም አፉ ላይ መጥተው ነበር።

"አላውቅም፣ እታለም" አለ።

"ምን ማለት ነው አላውቅም?"

"አላስታውሳትም። ድምጿንም፣ መልኳንም። እሹሩሩውን ዋሽቼ ነው።"

የሻለም ከማይኩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ይሄነው ብትቆጣው ይመርጥ ነበር። እትዬ ብርሀንነሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

"ያን ቀን እኮ የተቀረጸበትን ቴፕ ከጎረቤታችን ከአሻግሬ ቤት የተዋስኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ካሴቱን የሚወስደው ሰውዬ በነጋታው ሊሄድ፣ ባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ቁጭ! ገበያ ወርዶ የሚገዛ የለ። አውጥተን እደጅ ጠፍጣፋ አለት ላይ ፀሐይ አሞቅነው፤ በጥርሴም ነከስ ነከስ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ነው የተናገረች። ቴፑማ እንደ ታመመ ሰው እየተንፏቀቀ ነው የዞረው። ተመስገን፣ ቃሏ ሳይቋረጥ አለቀላት።"

ይሄነው ከወንበሩ ዞረ። "ድንጋዩ ደክሞ ነበር ያሉት?"

"ሙቶ ነበር ብልህ ይሻላል።"

አሁን ገባው። በደከመ ባትሪ እየተንፏቀቀ የተቀረጸ ድምፅ፣ ደህና ቴፕ ላይ ሲጫወት ይፈጥናል፤ ይቀጥናል። ኩዌት የደረሰው ከመጀመሪያውም የቀጠነው ድምፅ ነው። አዲሱ ሳውንድ ካርድ ካሴቱ ላይ ያለውን በታማኝነት አቀረበ፤ ይሄነው አሮጌዋ ላይ ያዛባው ቁጥር ደግሞ የደከመውን ድንጋይ ጥፋት ሳያውቀው አረመው። በስንት መጠን እንዳረመው ግን የሚያውቅ የለም። በፕሮግራሙ እንዳሻው ማፍጠንም ማዝገምም ይችላል፤ ማቆሚያውን የሚነግረው የእትዬ ብርሀንነሽ ጆሮ ብቻ ነው። ይህንኑ ለእህቱ ቀስ አድርጎ አስረዳት።

የሻለም እስከ መጨረሻው ሰማችው። "ታዲያ እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንን ነበር የሰማሁ?" አለች። "ስታመም ማንን ነበር የማናግር?"

"እሷኑ ነዋ!" አሉ እትዬ ብርሀንነሽ። "ቸኩላብሽ ነው እንጂ። አብሽሪ፣ ልጄ።"

የሻለም ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ነገር አመለጣት። በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። "የኔን አታጥፋብኝ" አለችው ወንድሟን። "እኔ ያቺኛዋን ነው የማውቅ።"

"አላጠፋም። ሙሉው ከተቀዳ በኋላ በምታውቂው ፍጥነት አውጥቼ ስልክሽ ላይ እጭንልሻለሁ።"

"አንተስ?"

ይሄነው ሁለቱን ሳጥኖች ተመለከተ። አዲሱ ፕላስቲኩ እንኳ ከላዩ አልተላጠም። የሻለም ስንት ቀን ሰው ቤት ቆማ የዋለችበት ነው። ከሱ ላይ ገመዱን ሲነቅል እህቱ አይታ አልከለከለችውም። ገመዱን አሮጌዋ ላይ ሰካ፤ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠነጠነ። ፕሮግራሙ የመለኪያውና የማንበቢያው ቁጥሮች እንደማይስማሙ ጠቅሶ፣ ይስተካከሉ ወይ ብሎ ጠየቀው። ይሄነው "አይ" የሚለውን ተጫነና የጋሽ ይርዳውን ቴፕ አስነሳ።