ልጓም ላይ የተገጠመ ፊውዝ

ዋሽቼ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ፤ ጠጋኙ አፍንጫ የአሮጌውን አምፕሊፋየር ክዳን ሲያነሳ የወጣው ግማት የሱቁ ደጃፍ ላይ የተኛውን ውሻ አስነጥሶ አባረረው። ጠጋኙን «አፍንጫ» ያሉት የተቃጠለ ዕቃ አሽትቶ ሕመሙን ስለሚናገር ነው። ዛሬ ግን ፊቱን አዙሮ እንትፍ አለ። ከትራንስፎርመሩ የቀለጠው ሰም እንደ መግል ወርዶ ረግቷል።

«ማን ነው የነካካው?»

«እኔ ነኛ!» አለ የእህቱ ባል ደረቱን ነፍቶ። ሚስቱ ጊታር ትጫወታለች፤ እሱ ራሱን ማናጀር አድርጎ ሾሟል። «ለጥንቃቄ ብዬ ፊውዝ ጨመርኩበት።»

አፍንጫ አምፖል የሚመስሉትን ቫልቮች በካቻቢቴው ጠቆመ።

«እነዚህን ፈረስ ናቸው በል። ይቺ ቀጭን የኔጌቲቭ መስመር ልጓማቸው ናት። አንተ ፊውዙን የገጠምከው ልጓሙ ላይ ነው። ሲበጠስ ፈረሱ ይቆማል?»

«ይ... ቆማል?»

«ገደል ይገባል እንጂ! ቫልቮቹ ፍም እስኪመስሉ ይግላሉ። ፊውዙ መግባት የነበረበት ከፍተኛው ቮልት በሚሄድበት መስመር ላይ ነው። ዋናው ፊውዝስ?»

ፈትቶ አየው። እንዳይበጠስ ተብሎ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል።

እህቱ ጊታሯን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። «ባለፈው ስጫወት ከኋላዬ ቀላ። እኔማ መድረኩን በመብራት ያሳመሩልኝ መስሎኝ!»

«አንቺ ደግሞ! ጀርባሽ ሊነድ ነበር እኮ!» አለ አፍንጫ።

«አማቼ፣ ለዛሬ ብቻ» አለ ባልየው። «አዳራሹ ሞልቷል። ሽቦ ጠምዝዝበትና እንሂድ፤ እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ትቆማለች።»

ከግማቱ ሁሉ ይልቅ ይቺ «ራቅ ብላ» አፍንጫን አንገሸገሸችው። እህቱም ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ የተበላሸ ወጥ እንደምታይ።

«አንተስ የት ልትቆም ነው?» አለችው።

«እኔማ በር ላይ ትኬት...»

አላስጨረሰችውም። ከጠረጴዛው ላይ መቁረጫውን አነሳችና የአምፕሊፋየሩን ስፒና ከነአንገቱ ቀነጠበችው። ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋች።

«ዛሬ ያለ ማጉያ፣ በባዶ ጊታር ነው የምጫወተው። ያልተሰማው ቀረብ ይበል።»

ባልየው አፍሮ አንገቱን ደፋ። እሺ፣ ማፈሩን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እሱስ አፍንጫን የጠየቀው ሱቁ ውስጥ ትርፍ ስፒና ይኖር እንደሆነ ነው።