አገሩ ሩቅ ነው

ወይዘሮ እታፈራሁ ጥቁር ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው የአውሮፕላኑን መሰላል አንቀው ሲወርዱ፣ ማንጠግቦሽ አሰብ አውሮፕላን ማረፊያ ጥላ ስር ቆማ ለቅሶዋን ታዘጋጅ ነበር። አባቷ ከተቀበሩ አምስት ወር አልፏል፤ እናትና ልጅ ከዚያ ወዲህ ሲተያዩ ዛሬ ገና ነው። ሳይላቀሱ እንዴት ነሽ መባባል ነውር ነው። እንባው ግን ከየት ይምጣ? እሷ የምታስበው ያኔ የላከችውን መልእክት ነው።

ያኔ መርዶው ሲነገራት የወደቡ ስልክ ቤት ከተቀጠረች ወር አልሞላትም ነበር። በማግስቱ ኮምቦልቻ የሚያርፍ አውሮፕላን ነበረ። አለቃዋም ሂጂ ብለዋታል። ወንበሬን ሌላ ትይዝብኛለች ብላ ፈራችና ቀረች። እናቷ ወዳሉበት ወደ ደሴ ለሚጭነው ለሾፌሩ ለመርሻ፣ «አውሮፕላን የለም፣ መንገዱንም ጎርፍ በልቶታል በልልኝ» አለችው።

«መንገዱን ጎርፍ ከበላው እኔ በምን ደረስኩ ልበላቸው?» አለ መርሻ፣ መሪውን እየደበደበ።

«እሺ፣ አውሮፕላን የለም ብቻ በላቸው።»

መርሻ ዓይኗን አላየም። መልእክቱን ግን አደረሰ።

አሁን እናቷ አጠገቧ ደረሱ። ጨዋማው ነፋስ ነጠላቸውን ይገፋዋል። ማንጠግቦሽ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ወይኔ አባዬ!» ብላ ጀመረች።

ወይዘሮ እታፈራሁ በመዳፋቸው አፏን ያዟት። «ቆይ። ቆይ ማንጤ።»

ዕቃ አውራጁ ክንፈ ጥቅልላቸውን ተሸክሞ ከኋላ መጣ። «እማማ፣ ሞቀዎት እንዴ? ይሄማ የአሰብ ብርድ ነው!»

«ሙቀቱስ ይሁን፤ ሰው ችሎት የለ?» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ከረሜላ ሰጡኝ። ሁለተኛውን አፌ ውስጥ ሳልጨርሰው ውረዱ፣ አሰብ ነው አሉኝ። ይሄ አውሮፕላን መቼ ነው የተጀመረው?»

ክንፈ ሊመልስ አፉን ከፈተ።

«አንተን አይደለም ልጄ። እሷን ነው።»

ማንጠግቦሽ ክንፈን አየችው።

«ለቀስተኛው ‹ለአባቷ ለቅሶ እንኳ አልመጣችም› እያለ ሲያማሽ፣ አገሩ ሩቅ ነው ብዬ ተሟገትኩልሽ። ባዩሽን፣ የገዛ እህቴን፣ ከቤቴ ውጪልኝ አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ አንነጋገርም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከዚያ ወዲህ ነው የተጀመረው በይኝ። አምንሻለሁ።»

ክንፈ የአውሮፕላኑን ጎማ ማየት ጀመረ። ብትዋሽ እሱም አብሯት እንደሚዋሽ ገባት። አንድ ቃል ይበቃል። እናቷ ያቺን ቃል ይዘው ደሴ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይሟገቱላታል።

«ያኔም ነበረ» አለች።

«ያኔም?»

«በማግስቱ ነበረ። ሂጂም ብለውኝ ነበር፣ እማዬ። ሥራዬን ፈርቼ ነው።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ከአፏ ያነሱትን እጅ ምን እንደሚያደርጉበት የጠፋቸው ይመስል አየር ላይ ያዙት። ከዚያ ክንፈን ጠየቁት።

«የሚመለሰው ይሄው ነው?»

«አዎ እማማ፤ ነዳጅ ቀድቶ።»

ጥቅልላቸውን ተቀብለው ጠጠሩ ላይ አስቀመጡትና ተቀመጡበት። ፊታቸውን ወደ አውሮፕላኑ አደረጉ፤ ከተማይቱን አንዴም ዞር ብለው አላዩም።

«በይ እንግዲህ» አሉ። «አሁን አልቅሺ። እሰማሻለሁ።»

ማንጠግቦሽ አጠገባቸው ተንበረከከች። አፏን ከፈተች።