ሰንጢውና ሽማግሌው

ባሌና እኔ ያረጀ ሶፋ እናድሳለን። እሱ ይቀድዳል፣ እኔ እሰፋለሁ። ሰፈሩ «ስፖንጅ» ይለዋል፤ እኔም የስፖንጅ ሚስት ሆኜ ቀርቻለሁ። ሙያችን የራሱ ቋንቋ አለው። ያረጀ ሶፋ ሁሉ ለእኛ «ሽማግሌው» ነው። ቆዳው ይገፈፋል፣ ሆዱ ይዘረገፋል፣ የዛገ ሽቦው ሲነካ ይጮሃል፣ አጥንቱ ከበሰበሰም ይሰበራል። እንግዳ ሰው ሲሰማን ይደነግጣል፤ እኛ ደግሞ በድንጋጤው እንስቃለን።

ስፖንጅ ከሰንጢው አይለይም። ተጣጥፋ ኪስ የምትገባ፣ እጀታዋ በፕላስተር የተጠቀለለ ሰንጢ ናት። «ያገባኸው እሷን ነው፣ እኔማ ደባል ነኝ» እለዋለሁ። ሰሞኑን ግን ነገሩ አላማረኝም። ከተማው ውስጥ ሰው በስለት ተወግቶ፣ በየአውቶቡስ መሳፈሪያው ፍተሻ በርትቷል።

«እባክህ ኪስህ ውስጥ አትያዛት» አልኩት ጠዋት።

«ለሥራ የያዘን ማን ይነካዋል? ሕጉ ይፈቅዳል» አለና ደንበኛችን ሴትዮ ቤት ሊሠራ ወጣ።

ሕጉ እንደሚፈቅድ እኔም ሰምቻለሁ። ልቤ ግን አልፈቀደም፤ ቀኑን ሙሉ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ።

ከምሳ በኋላ ከእሱ ስልክ ተደወለ። ሳነሳው የማላውቀው ሰው ነው፤ ድምፁ ለስላሳ።

«ባለቤቱ ነሽ?»

«ነኝ። እሱስ የት ሄደ?»

«እጁ ተይዟል። ለዚያ ነው እኔ የደወልኩት።»

እፎይ አልኩ። ሙጫ ሲቀባ ሁልጊዜ አጠገቡ የተገኘ ሰው ነው የሚደውልለት። በሰላም ደርሶ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

«ሰንጢ ይዞ ነው የወጣው?»

«ያለ እሷ መቼ ወጥቶ ያውቃል!»

«ለምን ፈለጋት?»

«ለሽማግሌው ነዋ! ዛሬ ሆዱን ሊዘረግፈው አይደል እንዴ?»

ሰውየው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ሲያደርገው ተሰማኝ። ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«አንቺም ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«እንዴት አላውቅ! ሴትዮዋ ሳትመለስ ጨርሰው ያልኩት እኔ ነኝ። በሩን ዝጋ በለው እንጂ፣ ሽማግሌው ሲነኩት ይጮሃል፤ ጎረቤት ይሰማል።»

ያን ጊዜ የባሌን ድምፅ ከሩቅ ሰማሁት። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

«ሶፋ በያቸው! አንቺ ሴት፣ ሶፋ ነው በያቸው!»

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አይነሳም። እጁን የያዘው ሙጫ ሳይሆን ፖሊስ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ባሌን ይዤ ነው ከአፋፉ የወረድኩት። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በነጠላ ጫማ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሮጥኩ።

ጣቢያው ውስጥ ለስላሳ ድምፅ ያለው ፖሊስ ጠረጴዛው ላይ ሰንጢዋን ዘርግቷታል። ተከፍታ ሳያት ረዘመችብኝ።

«ጌታዬ፣ ሽማግሌው ሶፋ ነው» አልኩት ትንፋሼ ሳይመለስ።

«እሱም እንደዚያ ነው ያለው። ሶፋው የት አለ?»

«ደንበኛችን ቤት። ሴትዮዋ ከከተማ ወጥታለች፤ ቤቷ ድረስ ሄደን ነው የምንሠራላት።»

«ሰው በሌለበት ቤት? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

«እሱ ጋ።»

ፖሊሱ ከመሳቢያው ቁልፍ አወጣና ከሰንጢዋ ጎን አስቀመጠው። እኔ ለማስረዳት ቸኩዬ የተናገርኩት ነገር ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እየተደረደረ ነው።

«ለሴትዮዋ ይደውሉላት» አልኩ።

«ደወልን። ስልኳ ዝግ ነው። ስሚ፣ ሰንጢ መያዝ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ለሥራ ከሆነ ለሥራ ነው። ጥያቄው ለምን ያዘው ነው። እሱን ደግሞ አንቺ ራስሽ ነገርሽኝ፤ ሦስት ሰው ቆሞ ሰምቶሻል።»

ፈራሁ፤ ለእሱ ፈራሁ። ስፖንጅ ቀልደኛ ነው፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ማየት አይችልም። ይህን ልናገር አልኩና «ሲታረድ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ አስደነገጠኝ። ዋጥኩት።

«ቦርሳሽን ክፈቺ» አለኝ።

ከፈትኩት። ጨርቅ የምቆርጥበት ትልቁ መቀስ ከላይ ተጋድሟል። አነሳው፣ ከፈት ዘጋ አደረገው።

«ይሄስ ለምንድን ነው?»

ከውስጠኛው በር ጀርባ ባሌ ድምፄን ሰምቶ ኖሮ፣ «ዝም በይ! አንዲት ቃል እንዳትናገሪ!» እያለ ብረቱን ይደበድባል። ፖሊሱ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ተመለከተ። ዕድሜ ልኬን ስለፈልፍ የኖርኩት ሴትዮ አፌን በመዳፌ ከደንኩ። መቀሱን ከሰንጢዋና ከቁልፉ ጎን አስቀመጠና፣ ተነስቶ የገባሁበትን በር ቆለፈው።