የደብሪቱ አግዳሚዎች

አራተኛው አግዳሚ በበሩ አልገባ አለ። መምህር ሀብተ ሚካኤል ከፊት፣ ሁለት ተማሪዎች ከኋላ ሆነው ቢያጋድሉትም ቢያቆሙትም እግሩ በመቃኑ እየተያዘ መለሳቸው።

"ቀስ! እንዳይሰበር፤ የሰው ንብረት ነው።"

"የማን መሆኑን እንዳታነሳብኝ ብዬ ነው የመጣሁት" አለ አንድ ድምፅ ከኋላው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አሻግሬ ነበር። "ተማሪዎቹ ያስገቡት። አንተ ና እስቲ ወዲህ።"

ወደ አዳራሹ ጥግ ወሰደው። አዳራሹ ገና ትናንት ባዶ ሲሚንቶ ነበር። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፤ ከሳንቃ በር ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሀብተ ሚካኤል የደባርቅንና የዳባትን የቼዝ ውድድር ሲያስብ ሰው ቆሞ፣ በዚያ ብርድ፣ ዝም ብሎ ጨዋታ ሊያይ እንደማይችል ያውቅ ነበር። መቀመጫ፣ ከሰልና ሽልማት ፍለጋ የከተማውን ነጋዴ ሁሉ ደጅ ጠንቷል። አንዱ "ቼዝ ምንድን ነው? ይበላል?" ብሎ ሸኝቶታል። ሌላው ነገ ና እያለ አመላልሶታል። እሺ ያለችው አውቶብስ መቆሚያው አጠገብ ጠላ የምትሸጠው ደብሪቱ ብቻ ናት። አግዳሚዎቿን ሰጠች፤ ከሰሉን ሰጠች፤ ከጓሮ ያሰረችውን በግም ጨመረች።

"እንዲሁ አይደለም የምሰጥህ፣ መምህር" ብላው ነበር ያን ቀን፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች። "በድምፅ ማጉያው ስሜ ከነአባቴ ይጠራልኝ። ስጦታ ትስማው። እነዚያ ተማሪዎችም ይስሙት።"

ስጦታ ልጇ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነች፤ ከትምህርት ቤቱ ቼዝ ተጫዋቾች የሚያህላት የለም። ተማሪዎች ግን በስሟ አይጠሯትም። "አተላ" ነው የሚሏት። ሀብተ ሚካኤልም ሰምቶ ያውቃል፤ ሰምቶም እንዳልሰማ ያለፈበት ቀን አለ።

"በእኔ ይሁንብዎ፣ እትዬ ደብሪቱ" ብሎ ነበር የመለሰላት።

"ስማኝ" አለ አሻግሬ አሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከክፍለ ሀገር እንግዳ መጥቶብናል። በእሱ ፊት የጠላ ሻጭ ስም ከመድረክ ይነሳል? ሽልማቱን ያበረከተው የቀበሌው ሰፊ ሕዝብ ነው በል፤ በቃ።"

"ቃል ሰጥቻታለሁ፣ ጓድ።"

"ሚስትህ ጎንደር ናት አይደል? ከወለደች ስንት ጊዜዋ ነው?"

ሀብተ ሚካኤል ወደ በሩ፣ ወደ አግዳሚው ዞረ።

"ዝውውርህን የሚያየው ይኸው እንግዳ ነው። እኔ ስላንተ ጥሩ ጥሩውን ልነግረው አስቤያለሁ" አለና ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

አዳራሹ ሞላ። ሦስቱ አግዳሚዎች ለእንግዳውና ለኮሚቴው፣ አራተኛው ለዳባት ቡድን ተያዘ። የደባርቅ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ቦታ ያጣው ከውጭ በመስኮት አንገቱን አሰገገ። ደብሪቱ የመጣችው በመጨረሻ ነው። ለዓውደ ዓመት የምታወጣውን ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጠላዋ ታጥቦ ነጥቷል። የበሩ ዘበኛ እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

"ሞልቷል፣ እናቴ።"

አልሞላም ነበር። ከእንግዳው ቀጥሎ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ከበሩ ላይ ይታያል። ደብሪቱ ቦታውን አየች፤ ከዚያ ሀብተ ሚካኤልን አየችው። እሱ የጨዋታውን ሰዓት አንስቶ መሙላት ጀመረ። ሰዓቱ ጧት ተሞልቷል። ቀና ሲል ሴትየዋ ከበሩ ላይ የለችም፤ ፊቷ በመስኮቱ በኩል፣ በሁለት ጎረምሶች ትከሻ መካከል ብቅ ብሏል።

ድምፅ ማጉያውን ያዘ።

"የዛሬውን ሽልማትና መስተንግዶ ያበረከተው..." ጉሮሮውን ጠረገ። "ያበረከተው የቀበሌያችን ሰፊ ሕዝብ ነው።"

ተጨበጨበ። ስጦታ ከሰሌዳው ቀና አላለችም። ተስተካክለው የተደረደሩትን ወታደሮች አንድ በአንድ እንደገና አስተካከለቻቸው።

ተጋጣሚዋ ክንዴ የሚባል የዳባት ጤና ረዳት ነበር። ጨዋታው ሲጀመር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሀብተ ሚካኤል ተመልካች እንዳይናገር አስቀድሞ አስጠንቅቋል። ሕጉ የከበዳቸው ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ የተቀመጡት አባባ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው የድሮውን የአገር ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ይጫወቱ ነበር። በሰንጠረዥ ደግሞ ከበው የሚያዩት ሁሉ "ፈረሱን አስነሣ፣ አሁን ሞትክ" እያሉ ነው የሚጫወቱት፤ የተመልካች አፍ ከጨዋታው አይለይም።

"ንጉሥ ወርዷል ሲሉን ከርመው" አሉ አጠገባቸው ላለው ሰው፣ "እዚህ ለካ እንደ ተቀመጠ ነው።"

ሰውየው ሳቁን በጋቢው አፈነ፤ ቀጥሎም ማን ሰማኝ ብሎ ዞር ዞር አለ።

ስጦታ ደህና ይዛለች። የክንዴን አንድ ፈረስ በልታ ንግሥቱን አስጨንቃለች። ሀብተ ሚካኤል ግን ጨዋታውን አላየውም። ወደ መስኮቱ ላለማየት ሲል የሚያየው ነገር ጠፍቶት ነበር። ይኸኔ ነው ሽማግሌው ድንገት እጃቸውን ያነሡት።

"መምህር! አንድ ነገር ልጠይቅ።"

"ተመልካች አይናገርም፣ አባባ።"

"ስለ ጨዋታው አይደለም። ይህን አግዳሚ አውቀዋለሁ፤ ጥርሴ ሳይረግፍ ጀምሮ ተቀምጬበታለሁ። ባለቤቷ ስለምን ውጭ ትቆማለች?"

ከኋላ በኩል ሳቅ ተነሣ። "አግዳሚውም እርስዎን ያውቅዎታል!" አለ አንዱ። ሳቁ ባሰ። "አተላ" የሚል የልጅ ድምፅም በመሐል ተሰማ፤ የስጦታ እጅ ሰሌዳው ላይ እንደ ተዘረጋ ቆመ። እንግዳው ዞረ።

"ምን ይላሉ ሽማግሌው?"

አሻግሬ ሀብተ ሚካኤልን ብቻ ተመለከተ። አዳራሹም፣ መስኮቱም፣ ሁሉም እሱን ተመለከተ። ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው፤ ስሟና የአባቷ ስም።

"ተመልካች ዝም ይበል!" አለ ሀብተ ሚካኤል። ድምፁ እሱኑ አስደነገጠው። "ሕግ ሕግ ነው። አባባ፣ እባክዎ ይውጡልን።"

ሽማግሌው በእጃቸው መሬቱን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን አራገፉ።

"እወጣለሁ፣ ልጄ። በእኛ ጊዜ የሚባረረው አይቶ ዝም የሚለው ነበር" አሉና ወጡ።

ስጦታ አሸነፈች። ክንዴ ተነሥቶ እጇን ጨበጣት። በጉ በቀይ ጨርቅ ተሸልሞ ገባ። የሚጎትተው ዘበኛ ወደ እንግዳው ሊያቀርበው ቢታገል እምቢ አለ፤ ስጦታን ባየ ጊዜ ግን ገመዱን አስለቅቆ ሮጠና አፍንጫውን በኪሷ ውስጥ ቀበረው። ገብስ የለመደበት ኪስ ነው።

"አያችሁ!" አለ እንግዳው እየሳቀ። "በጉ እንኳ አሸናፊውን ያውቃል!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ምሥጢሩን የማያውቀው በቀልዱ፣ የሚያውቀው በበጉ ሳቀ።

"ምስጋናሽን አቅርቢ እንጂ" አላት አሻግሬ።

ስጦታ የእናቷን በግ አንገት እንደ ያዘች፣ በቃል እንደ ተያዘ ትምህርት አድርጋ፣ "የቀበሌያችንን ሰፊ ሕዝብ አመሰግናለሁ" አለች። ሀብተ ሚካኤል አጨበጨበ። ሰው አቁሞም እሱ ማጨብጨቡን አላቆመም ነበር፤ የገዛ መዳፉ ድምፅ ብቻውን ሲመጣበት እጁን ሰበሰበ።

ልጅቷ በጉን ይዛ ስትወጣ በአጠገቡ አለፈች።

"ስጦታ..."

"እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ ነው፣ መምህር?" አለችው ዓይኗን ሳታነሣ። መልስ አልጠበቀችም።

ደብሪቱ ደጅ ቆማለች። ይቅርታ የሚልበትን ቃል ሲያሰናዳ ቀደመችው።

"አግዳሚዎቼን ሳይመሽ መልስልኝ፤ ደንበኛ ቆሞ አይጠጣም" አለችና ነጠላዋን መልሳ አጣፍታ ከልጇ ኋላ ሄደች።

አሻግሬ እንግዳውን ሊሸኝ ሲጣደፍ "አግዳሚዎቹን በጓሮ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ውሰዱ፤ እንግዳው ሳይሄድ በዋናው መንገድ እንዳታሳዩኝ" ብሎ አዝዞ ነበር። ተማሪዎቹ ሦስቱን ተሸክመው በጓሮ ወረዱ። ሀብተ ሚካኤል አራተኛውን ብቻውን እየታገለ ከበሩ አወጣው። ከውጭ፣ ፀሐይ ያገኘችው ድንጋይ ላይ አባባ ወልደ ሩፋኤል ተቀምጠዋል።

"አሁንስ መናገር ተፈቀደ?"

"ተፈቅዷል፣ አባባ።" ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

"እንግዲያ በዚያ በኩል ያዝ፤ በዚህ በኩል እኔ አለሁ።"

"ይከብድዎታል።"

"ስቀመጥበት አልከበድኩትም፤ ያዝ አልኩህ።"

አነሡት። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ሲደርሱ ሀብተ ሚካኤል ቆመ። በስተግራ ጓሮው ነው። በስተቀኝ የጎንደር መንገድ፣ መንገዱ ላይ የእንግዳው ላንድሮቨር ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ አሻግሬ በሩን ይዞ ይሳሳቃል። መምህሩ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

"መምህር!" አለ እንግዳው በመስኮት ብቅ ብሎ። "ደግሞ ወንበር ተሸካሚ ሆንክ? የማነው?"

አሻግሬ መሳቁን ተወ።

"የወይዘሮ ደብሪቱ አለነ ነው" አለ ሀብተ ሚካኤል። ቃሉ ከአፉ የወጣው አንሶ፣ ሊሰማ ላይሰማ ሆኖ ነበር።

"ምን?" አለ እንግዳው እጁን ወደ ጆሮው አድርጎ። "በሞተሩ አልሰማሁህም!"

አሻግሬ "ተወው፣ ጓድ፤ መንገድ ይረፍድብሃል" ብሎ በሩን ሊዘጋ ገፋ። ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ አንድ ጊዜ ብያለሁ ብሎ ራሱን ማጽናናትም ይቻል ነበር። ሊሰሙት ይገባ የነበሩት ተማሪዎች ተበትነዋል። ስጦታም በጉን አስከትላ በማዶ፣ ወደ አውቶብስ መቆሚያው እየራቀች ነው።

ሀብተ ሚካኤል አግዳሚውን መሐል መንገድ ላይ፣ ከመኪናው ፊት አስቀመጠው። ከዚያም ድምፅ ማጉያ የሌለው ሰው እንደሚያደርገው ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ እንግዳው ሳይሆን ወደ አውቶብስ መቆሚያው መልሶ፣ ስሟን ከነአባቷ ጠራ።