የተማከሩበት ዋጋ

ሸዋርጋ ሮቤ ውስጥ የስንዴ መጋዘን ከከፈተች ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ሲሞትባት ንግዱን ያስተማሯት፣ የመጀመሪያውን ሚዛን ያዋሷት ጋሽ እሸቴ ናቸው። ስለዚህ በታኅሣሥ፣ አዝመራው ሲገባ፣ ጋሽ እሸቴ የከተማውን እህል ነጋዴዎች ሰብስበው «ከዚህ ዋጋ በላይ ማንም እንዳይገዛ» ሲሉ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ዋጋው በየሰኞው በቴሌግራም ይደርሳቸው ጀመር።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃታት። ትነሳለች፣ በር ላይ ትቆማለች፣ ስልኳን ከፍታ ትዘጋለች።

አንድ ጠዋት ዙቤዳ የምትባል የሲናና ገበሬ ስንዴዋን በፈረስ ጋሪ ጭና መጣች። «አካም ቡልቴ» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ካለች በኋላ ዋጋ ጠየቀች፤ ሰምታም ጋሪዋን አዙራ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ተመለሰች፤ ፈረሱ በላብ ርሷል።

«ከተማውን ዞርኩት። ሁላችሁም ቃላችሁ አንድ ነው። ተማክራችኋል እንዴ?»

«ገበያው ነው» አለች ሸዋርጋ። ዙቤዳ ምርጫ ስላልነበራት ስንዴዋን በዚያው ዋጋ አራግፋ ሄደች።

በማግስቱ ሸዋርጋ በንግድ ጽሕፈት ቤቱ በር ሁለት ጊዜ አለፈች፤ በሦስተኛው ገባች። እስከዳር የምትባል ወጣት የሕግ ባለሙያ አነጋገረቻት።

«አንድ ሰው ዋጋ ላይ ከሌሎች ጋር ቢስማማ…»

«ያ ሰው እርስዎ ነዎት?»

ሸዋርጋ ስልኳን ከፍታ ዘጋች።

«ነጋዴ ለብቻው የፈለገውን ዋጋ ይወስናል» አለች እስከዳር ዝግ ብላ። «ተፎካካሪዎች ተስማምተው ሲወስኑ ግን ወንጀል ነው፤ በቃልም ቢሆን። ገበሬዋ ሌላ በር ስታንኳኳ የተሻለ ዋጋ የማግኘት ዕድል ሊኖራት ይገባል። ቀድሞ ቀርቦ ላጋለጠ ቅጣቱ ሊቀርለት ይችላል።»

ሸዋርጋ ምንም ቃል ሳትሰጥ ወጥታ በቀጥታ ጋሽ እሸቴ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይህን ነገር እንተው። አብረን ሄደን እንናገር።»

«ሚዛን ያዋስኩሽ እንድትከሺኝ ነው?»

«ውለታዎን ስላልረሳሁ ነው አስቀድሜ እርስዎ ጋ የመጣሁት።»

ፊታቸውን አዞሩ። ሸዋርጋ ባጃጅ አስቁማ ወደ እስከዳር ተመለሰችና የቴሌግራም መልእክቶቹን አንድ በአንድ አሳየቻት።

ምርመራው አራት ወር ፈጀ። ነጋዴዎቹ ተቀጡ፤ እሷ በማስጠንቀቂያ አለፈች። የስንዴ ዋጋ ከመጋዘን መጋዘን ይለያይ ጀመር። በእድር ስብሰባ ላይ ግን አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፤ በሰኔ መጋዘኗን ወደ ጎባ አዛወረች።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ እሸቴን መንገድ ላይ አግኝታ አንገቷን ደፍታ ሰላም አለቻቸው። «ደኅና ነሽ?» ብለው አለፉ። ይቅር ብለዋት ይሁን ወይም እንዲያው የአፍ ልማድ ሆኖባቸው፣ እስካሁን አላወቀችም።