ያላለቀው ሰደፍ

ዳናዊት ጠመንጃ ይዛ አባቷ ቤት የመጣች ቀን ኃይለመለኮት መጀመሪያ ያሰበው ስለ ጎረቤቶቹ ነው። ለንደን፣ ስትሪትሃም ውስጥ ከአንድ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ሃያ ዓመት ያለ ወሬ የኖረ ሰው ነው።

"ማን አየሽ?" አላት በሩን ሳይዘጋ።

"ማንም አላየኝም አባዬ። ቢያዩኝስ? ላይሰንስ አለኝ እኮ።"

ረጅሙን ጥቁር ቦርሳ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ዚፑን ከፈተችው። ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ትንሿን ጥይት አንዴ ተኩሶ ቀጣይዋን ራሱ የሚያጎርስ፣ ለወረቀት ዒላማ የሚሆን ርካሽ ጠመንጃ። ዳናዊት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሰቨን ሲስተርስ ትኖራለች፤ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ እናቷ አልታየሽ ካረፈች ወዲህ ደግሞ የዒላማ ተኩስ ክለብ ገብታለች። ለምን እንደገባች ስትጠየቅ "እዚያ ማንም አያወራኝም፣ እኔም አላስብም" ትላለች።

አልታየሽ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ አራት ዓመታት አባትና ልጅ የተገናኙት በዓመት በዓልና በሙት ዓመት ብቻ ነው። አልተጣሉም። ጥል እንኳ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶበት ይታረቁበታል። እነሱ ግን የሚያወሩት ነው ያጡት። ድሮ አልታየሽ መሃል ተቀምጣ የአንዱን ለአንዱ ታደርስ ነበር፤ እሷ ስትሄድ ሁለቱም ስልክ ይዘው "ደህና ነሽ?" "ደህና ነህ?" ተባብለው ዝም የሚሉ ሰዎች ሆኑ።

ኃይለመለኮት ጠመንጃውን አገላብጦ አየው። በደርግ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት የመሣሪያ ጥገና ክፍል ሠርቷል። እንግሊዝ አገር ከገባ በኋላ ደግሞ ፓርክ ሮያል፣ በር ከሚሠሩበት ወርክሾፕ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንጨት ሲያለሰልስ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ብረቱንም እንጨቱንም ያውቃል ማለት ነው። ያላወቀው ሰውን ነው።

ቫርኒሹ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ሰደፉ ላይ ጓጉሏል። ብረቱና እንጨቱ በቀኝ በኩል ገጥመው በግራ በኩል ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ትተዋል። የአፈሙዙ ቱቦ በአንድ ጎን እንጨቱን እየነካ ነው፤ ሲሞቅ ተኩሱን ያዛባል። የምላጩ መከለያ ጠርዝ ደግሞ ጣት ይቧጥጣል።

"ይሄን የሠራው ሰው ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነው" አለ።

ዳናዊት ሳቀች። አልታየሽ ከሞተች ወዲህ አባቷ ሲያስቃት የመጀመሪያው ነበር።

"ታስተካክልልኛለህ? ከአምስት ሳምንት በኋላ እሑድ የክለቡ ቡድን ምርጫ አለ። ካለፍኩ ከሌሎች ክለቦች ጋር እወዳደራለሁ። ሲሪየስሊ አባዬ፣ በጣም ነው የምፈልገው።"

"ትተሽው ሂጂ።"

"አይቻልም፤ ሕግ ነው። በየቅዳሜው አመጣዋለሁ፣ ስትሠራ አጠገብህ እቀመጣለሁ፣ ማታ ቤቴ ወስጄ እቆልፍበታለሁ።"

ኃይለመለኮት ሕጉን ያወጣውን ሰው በሆዱ መረቀ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ "ሊፕስቲክ ይዘሻል?" አላት። ለምን እንደሆነ ሳይነግራት ብረቱን በስሱ ቀባው፣ እንጨቱ ውስጥ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው። ቀዩ ያረፈበት ቦታ እንጨቱ ብረቱን የሚነካበት ቦታ ነው። እዚያችው ላይ ብቻ በዱላ ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ ከዚያ እንደገና ይቀባል።

"እኛ በኩራዝ ጥላሸትና በዘይት ነበር የምንቀባው" አላት።

"የኔ ግን አሥራ ስምንት ፓውንድ ነው!" ብላ ጮኸች፤ ግን አልቀማችውም። ቀትር ላይ ቁራጭ ወረቀት በቱቦውና በእንጨቱ መካከል አስገብታ ከጫፍ እስከ ግርጌ ስትጎትተው ሳይያዝ አለፈ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ስለ ደንበኞቿ አወራችው፤ እሱም ስለ ድሮዋ ናዝሬት አወራት። በሁለተኛው ቅዳሜ የግራውን ክፍተት አስተካክሎ ስለታሙን ጠርዝ በሞረድ አለሰለሰው። በሦስተኛው ቫርኒሹን ፍቆ የተልባ ዘይት በመዳፉ እያሞቀ አጠጣው። የእንጨቱ መልክ ሲወጣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

ዳናዊት አንስታ ትከሻዋ ላይ አሳረፈችው፤ ጉንጯ ሰደፉ ላይ ልክ ገባ። "እንዴት ነው?" አለችው።

አልቋል። ኃይለመለኮት እጁ ነግሮታል፤ እጁ ደግሞ ዋሽቶት አያውቅም። ነገር ግን አልቋል ካለ ቦርሳዋን ዘግታ ትሄዳለች፣ ከዚያ የሚቀጥለው መገናኛቸው የአልታየሽ ሙት ዓመት ነው።

"ገና ነው" አላት።

ፊቷ እንዴት እንደወደቀ ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ጨርቅ ፍለጋ ዞሯል።

ይህች "ገና ነው" ከጥገና ክፍል የመጣች ቃል ናት። እዚያ ቸኩለው የለቀቁት መሣሪያ የያዘውን ልጅ ስለሚያስጨርስ፣ ኃይለመለኮት ገና ነው ብሎ የመለሰለት ወታደር አመስግኖት ይሄድ ነበር። ቃሏን እንዳለች ይዟት ለንደን ገባ። ዳናዊት ስዕል ስታሳየው ገና ነው። ዘጠና ሁለት ስታመጣ ገና ነው። የምረቃዋን ፎቶ ስትሰጠው ትንሽ አየውና "ገና ነው፣ ማስተርስ አለ" አላት። ልጅ ግን ጠመንጃ አይደለችም። አልታየሽ በነበረችበት ጊዜ ማታ የዳናዊት መኝታ ክፍል ገብታ "ወዶት ነው እኮ፣ እንዳትዘናጊ ብሎ ነው" እያለች ትተረጉምላት ነበር። አሁን አስተርጓሚ የለም።

በአራተኛው ቅዳሜ ኃይለመለኮት ጉድለት ፍለጋ ገባ። ቀድሞ ያጠበቀውን ብሎን አላልቶ መልሶ አጠበቀው። የጥይት ካዝናው መቆለፊያ ደርቋል ብሎ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ዳናዊት ስልኳን እያየች ነበር፤ ወሬዋ ቀንሷል። እሱ የደከማት መሰለው። ስትወጣ "ገና ነው፣ ሳምንት ነይ" አላት፣ በደስታ።

አምስተኛው ቅዳሜ የምርጫው ዋዜማ ነው። ኃይለመለኮት ያን የመሰለ ሰደፍ አስቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቀው።

"አባዬ ምን እያደረግክ ነው? ነገ እኮ ነው!"

"ወዙ አልተስተካከለም። እንዲህ ይዘሽው ብትሄጂ ያሳፍርሻል። ገና ነው።"

ዘይት ደግሞ አጠጣው። ዘይት በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ምርጫ እንደሆነ ሌላም ይመጣል፣ ክለቡ የት ይሄዳል፣ ብሎ ራሱን አሳመነ። ዳናዊት እርጥቡን እንጨት በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ፣ ሻይ ሳትጠጣ ወጣች።

በስድስተኛው ቅዳሜ አልቀረችም። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"በክለቡ ጠመንጃ ተኩሼ ወደቅኩ። በሁለት ነጥብ። ለማንኛውም ጨርሰው፣ ልሸጠው ነው።"

ኃይለመለኮት ሰደፉን በመዳፉ ዳሰሰው። ደርቋል፤ እንከን የለውም።

"አልቋል" አለ።

"አሁን ሳታየው?"

"ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አልቆ ነበር።"

ዳናዊት መጀመሪያ አማርኛው ያልገባት መስሏት "ምን?" አለች። እሱ ደገመላት። ቦርሳውን ወደ ራሷ ሳበችው።

"ታዲያ ለምን ገና ነው አልከኝ?"

"ቶሎ እንዳትሄጂ ብዬ ነው" አለ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ።

"አባዬ፣ እንጨት ላይሰንስ አያስፈልገውም። ብረቱን ቤቴ ቆልፌ ሰደፉን ብቻ ትቼልህ መሄድ እችል ነበር። የክለቡ ጓደኛዬ ያኤል ከመጀመሪያው ነግራኛለች።"

"ታዲያ ለምን..."

"መቀመጥ ፈልጌ ነዋ!" እንባዋ መጣ። "አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ እመጣለሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ እመለሳለሁ፣ መንገዱን ሙሉ 'አሁንም ገና ነኝ' እያልኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሁንም ገና ነኝ።"

"ስለ ጠመንጃው እኮ ነው ያልኩት።"

"ስለ ጠመንጃው ደግሞ ውሸት ነበር።"

ጉንጩን ስማው ወጣች፤ ሳትስመው ብትወጣ ይሻለው ነበር። በመስኮት ሲያያት ቦርሳውን መኪናዋ ውስጥ አስገብታ መሪው ላይ ተደፍታ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ሄደች።

ሰባተኛው ቅዳሜ መጣ፣ ስምንተኛውም። ኃይለመለኮት በሕይወቱ ብዙ የሚጸጸትበት ነገር አለው፤ ጦርነት ያየ ሰው ነው። እንደዚያች ሁለት ነጥብ ግን እንቅልፍ የነሳው የለም። በገዛ እጁ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከልጁ ላይ ፍቆ ያወረዳት ሁለት ነጥብ ናት።

በዘጠነኛው ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን አነሳ። የሚለውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና አድሯል፤ ሦስት ቃል ነው፤ ናፍቀሽኛል፣ ነይ፣ ልጄ።

"ሄሎ አባዬ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። ጠመንጃውስ?"

"ሸጥኩት። የገዛው ሰውዬ ሰደፉን በጣም ወደደው።" ቆም አለች። "ምነው? ምን ተበላሸ?"

በደግ ነበር የጠየቀችው። አባቷ እሷን የሚፈልገው የተበላሸ ነገር ሲኖር መሆኑን እሱ ራሱ ነው ያስተማራት። ኃይለመለኮት አፉን ከፈተ። ሦስቱ ቃላት ጥርሱ ጀርባ ድረስ መጥተው ቆሙ። ቤቱን ዞር ብሎ አየ፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ ቧንቧው፣ ወንበሮቹ፣ ሁሉም በእጁ የተስተካከሉ ናቸው።

"ቧንቧው ያንጠባጥባል" አለ።

"ኦው። እሱን የቤቱ ባለቤት ካውንስሉ ነው የሚሠራልህ አባዬ። ኦንላይን ሪፖርት ማድረግ ብቻ ነው። ሊንኩን እልክልሃለሁ፣ እሺ?"

"እሺ ልጄ።"

ወዲያው ላከችለት።