ከውስጥ ብቻ የሚከፈት በር

ሜታ ለቅርስ ጥበቃ ቢሮ የጻፈችው ሦስተኛው ደብዳቤ ከፊተኞቹ ሁለቱ ያጠረ ነበር። የመጀመሪያው ሁሉን ያስረዳል፦ ባሏን ዮርንን ስትሮክ እንደጣለው፣ ግራ ጎኑ እንደማይታዘዝለት፣ ሆስፒታሉ ዐርብ ዕለት እንደሚያሰናብተው፣ ዊልቸሩ በኩሽናው በር እንደማያልፍ፣ በሩ ካልሰፋም ወደ አረጋውያን መጦሪያ ከመሄድ ሌላ መንገድ እንደሌለው። ሁለተኛው ይለምናል። ሦስተኛው «እባካችሁ መጥታችሁ እዩት» ብቻ ይላል።

ረቡዕ ዕለት አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። ወይዘሪት ሎማን ትባላለች። ከመኪናዋ ወርዳ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ የቤቱን ግንባር አየች፤ ሜታም ታገሠች። ከኤልበ ወንዝ ግድብ ጀርባ፣ በፖም ዛፎች መካከል ሁለት መቶ ሰባ ዓመት የቆመ ቤት ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሁሉ እንዲሁ ይፈዛል። ነጭ ቀለም የተቀቡት ወጋግራዎች ግንባሩን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፍሉታል፤ በየማዕዘኑ ውስጥ ቀዩ ጡብ በተለያየ መልክ ተደርድሯል። አንዱ እንደ ዓሣ አጥንት ነው፤ አንዱ የነፋስ ወፍጮ ይመስላል። ከኩሽናው በር አጠገብ ያለው ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ መጥረጊያ ነው፤ መብረቅን ጠርጎ ያባርራል ይባላል።

ወይዘሪት ሎማን በሩን ለካች። ስልሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር። ዊልቸሩ ሰባ ሁለት ነው።

«ይህን ላሰፋ ብል መጥረጊያውን ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ከልቧ ያዘነች ሰው ድምፅ ነበር። «አልችልም፣ ወይዘሮ ሜታ። በጎተራው በኩልስ?»

«ከጎተራው ወደ መኖሪያው ሦስት ደረጃ አለ።»

ሜታ አልተከራከረችም። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ከሆስፒታል ቤት፣ ከቤት ሆስፒታል ስትመላለስ ለክርክር የሚሆን ጉልበቷ አልቋል። ሃምሳ አንድ ዓመት አብራው ከኖረችው ሰው አራት ሳንቲ ሜትር ሊለያት መሆኑን ስታስብ እንኳ መናደድ አቃታት። የፈለገችው መቀመጥ ብቻ ነበር።

ወጣቷ ግን የቤቱን ግንባር ተከትላ ወደ ግራ ሄደችና ቆመች።

«ይሄኛውስ?»

«የቱ?»

«ይሄ በር።»

«እሱ በር አይደለም» አለች ሜታ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የሙሽራ በር ነዋ።»

ካለች በኋላ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። በዚያ በር ሙሽራ አንድ ጊዜ ትገባለች፤ የቤቱ ሰው ሲሞት በሬሳ ሣጥን ይወጣበታል። ከዚህ ሌላ አይከፈትም። ከውጭ እጀታም ቁልፍም የለውም። እሷ ራሷ በግንቦት ወር ነጭ ለብሳ ገብታበታለች፤ ከዚያ ወዲህ አማቶቿ ተራ በተራ ወጥተውበታል። ሦስት ደብዳቤ ስትጽፍ፣ የቤቱን በሮች አንድ በአንድ ስትቆጥር፣ እሱን አልቆጠረችውም።

ወይዘሪት ሎማን ተንበርክካ ለካች። «አንድ ሜትር ከስምንት። ደፉም ከመሬት እኩል ነው፤ ሬሳ ተሸካሚዎች እንዳይደናቀፉ ይመስለኛል።» ቀና አለች። «ይሄ ፈቃድ አያስፈልገውም። ያለ በር መክፈት ነው።»

ዐርብ ቀትር ላይ ሜታ መወርወሪያውን አነሣች። እንጨቱ አብጦ ስለነበር ጠርዙን ሳሙና ቀባች፤ በብረት ፈለቀቀችው፤ በመጨረሻ እያቃሰተ ተከፈተ። ከወገቧ ሳትቃና ጎረቤቷ ሃርም ቤቶቻቸውን የሚለየውን ቦይ ተሻግሮ በዝግታ ሲመጣ አየችው። በጋም በክረምትም ከራሱ የማይለየውን ኮፍያ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል።

«ሜታ» አለ። «መቼ ነው?»

«አሁን ያመጡታል።»

«እዚሁ ቤት ነው የሚያድረው?»

«ታዲያ የት ይደር?»

«አይ... አስከሬኑን ወዲያው ቤተ ክርስቲያን የሚወስዱት መስሎኝ ነው።»

ሜታ በሩን አየች፤ ኮፍያውን አየች። «የምን አስከሬን? አንተ ሰውዬ፣ ዮርን አልሞተም! ዊልቸሩ በሌላ በር አላልፍ ብሎ ነው።»

«እንግዲህ ይሄ በር ሲከፈት ሰው ምን ይበል?» አለ ሃርም፤ መደሰትም መቆጣትም አቃተው። «ሚስቴ እኮ ጥቁር ልብሷን እየተኮሰች ነው!»

ይህን ሲነጋገሩ አምቡላንሱ ደረሰ። ሹፌሩ ዮርንን አውርዶ ወደ ቤቱ አዞረው። የዮርን አፍ በግራ በኩል ወርዷል፤ ንግግሩ ይጎተታል፤ ዓይኑ ግን እንደ ድሮው ስል ነው። በመጀመሪያ ያየው የጎረቤቱን ራቁት ራስ ነበር።

«ማን ሞተ?»

«አንተ ነበርክ» አለ ሃርም።

ከዚያ ዮርን የተከፈተውን በር አየ። ቀኝ እጁ መንኮራኩሩን ጨብጦ አቆመ።

«በዚህ አልገባም።»

«አባቴ፣ ሌላ በሽተኛ ይጠብቀኛል» አለ ሹፌሩ።

«እንግዲያው መጦሪያው አድርሰኝ። አባቴ በዚህ ነው የወጣው። እናቴም። እኔም ተራዬ ሲደርስ እወጣበታለሁ፤ ቀድሜ አልለማመድም።»

ሹፌሩ ሜታን አያት። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ሜታ የምትለው ብዙ ነገር ነበራት፤ ሌሊቶቹን፣ አውቶቡሶቹን፣ ደብዳቤዎቹን። ያንን ሁሉ ለመናገር የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም።

«ዮርን፣ የወጡትን ቆጠርክ» አለችው። «እስቲ የገቡትን ቁጠር። በዚህ በር ሞቶ የገባ ሰው ታውቃለህ?»

ዮርን ዓይኑን ከበሩ ወደ እሷ መለሰ።

«እኔ ገብቼበታለሁ። እናትህም ገብታበታለች። በሕይወት ነው የገባነው። ደክሞኛል፤ መጦሪያ እየተመላለስኩ ልጠይቅህ አልችልም። ሙሽራ ነኝ በልና ግባልኝ።»

«ሚዜ ካስፈለገህ እኔ አለሁ» አለ ሃርም። «ጥቁር ሱፌንም አውጥቼዋለሁ፤ በከንቱ አይቅር።»

የዮርን አፍ በቀኝ በኩል ብቻ ሳቀ። «መጀመሪያ ኮፍያህን አድርግ» አለ። «ራስህን እያየሁ አልገባም።»

ሃርም ኮፍያውን አጠለቀ። ዮርን እጁን ከመንኮራኩሩ ላይ አነሣ፤ ሹፌሩም ገፋው። ወንበሩ በደፉ ላይ ሳይንገጫገጭ አለፈ፤ ግራ ቀኙም ሰፊ ነበር።

ሹፌሩ ሄደ፤ ሃርምም ሚስቱን መተኮሷን ሊያስተዋት ወደ ቤቱ ሮጠ። ሜታ ልትከተል አንድ እግሯን አነሣችና መልሳ አኖረችው። እዚያው ደፉ ላይ፣ ጀርባዋን ለመቃኑ ሰጥታ ተቀመጠች።

«ነፋሱ ይገባል» አለ ዮርን ከውስጥ። «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ግቢ እንጂ!»

«እገባለሁ» አለች ሜታ፤ ዓይኗን ጨፍና። «ትንሽ ልረፍና እገባለሁ።»